ስለ ጎማ ጠይቁ፣ ጋሽ ዳዶ ይመልሳሉ

ጋሽ ዳዶ፦ እንደምን ዋላችሁ ሾፌሮች። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ጎማ በመፍታትና በመግጠም ነው። ዛሬ ሥራ ቀለል ስላለኝ ጥያቄያችሁን አምጡ። ስለ ጎማ ብቻ። ስለ ሞተርና ስለ ካምቢዮ የሚመልስ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልበል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅም፣ እግርም፣ ጭንቅላትም አይገባም። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም። ሌላው፣ ስትጠይቁ የመኪናውን ዓይነትና ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ። «መኪናዬ ይንቀጠቀጣል፣ ምን ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ለጠንቋይ እንጂ ለጎሚስታ አይሆንም።

አዲስ መንጃ፦ ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ወር አልሞላኝም። ጎማ ሲቀየር እንኳ ቀርቤ አይቼ አላውቅም። ብቻዬን ሆኜ ቢተነፍስብኝ ከየት ልጀምር?

ጋሽ ዳዶ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ረጋ ብለሽ አንብቢ ልጄ።

የተነፈሰው የፊት ጎማ ከሆነ መሪው ወደ አንድ ጎን ይስብሻል። የኋላ ከሆነ ከመቀመጫሽ ሥር መኪናው ሲዋልል ይሰማሻል። ያኔ ፍሬኑን ድንገት እንዳትረግጪ። መሪውን በሁለት እጅ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ እግርሽን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብለሽ አንሺ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ዳር ያዢ። ሜዳና ጠጣር መሬት እስክታገኚ በዝግታ ሂጂ። ጎማው ይበላሽ እንደሆነ ይበላሽ። ኩርባ ላይ ወይም ዳገት ላይ ቆሞ ጎማ ከመፍታት አዲስ መግዛት ይሻላል።

አራቱንም ፍሬቻ አብሪ። ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ራቅ አድርገሽ አቁሚ። ሰው ካሳፈርሽ ይውረድ፣ ከመንገዱም ይራቅ። የእጅ ፍሬን ሳቢ። ማንዋል ከሆነ አንደኛ ማርሽ አስገቢ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ አድርጊው። ከዚያ ከሚፈታው ጎማ በሰያፍ ያለውን ጎማ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጊበት። የኋላ ጎማ ስትፈቺ ይሄ የግድ ነው። በአብዛኛው መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላዎቹን ነው። አንዱን ስታነሺው መኪናውን ይዞ የሚቀረው አንዱ ብቻ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ላይ ደረስን። ብሎኖቹ የሚላሉት መኪናው ገና መሬት ላይ እያለ ነው። ወደ ግራ ግማሽ ዙር ያህል አዙሪያቸው፣ ጨርሰሽ አትፍቺያቸው። አስቀድመሽ ካነሳሽው ጎማው አብሮ ይሽከረከራል። አንቺም ስትታገዪ መኪናውን ከክሪኩ ላይ ትገፊዋለሽ። ብሎኑ ከጠነከረብሽ የቁልፉን እጀታ ወደ ግራ አግድም አድርጊና በእግርሽ ወደ ታች ተጫኚው። ወደ ላይ አትሳቢ፣ ወገብሽን ነው የምትጎጂው።

ክሪኩ ደግሞ ያገኘሽው ቦታ ሁሉ ላይ አይደገፍም። ከበሩ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ በየጎማው አጠገብ ምልክት አለ። እዚያ ብቻ። ከቦታው ከወጣ ላሜራውን ያጎብጣል፣ ባስ ካለም ይንሸራተታል። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከክሪኩ ሥር ጠፍጣፋ ጣውላ አንጥፊ። ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን ማለቴ ነው፣ አስቀድመሽ አውጪና ከክሪኩ አጠገብ በመኪናው ጠርዝ ሥር አስተኚው። የተነፈሰውን ስታወልቂ ስኮርታውን አውጪና በቦታው የተነፈሰውን አስተኚ። ክሪኩ ቢከዳሽ መኪናው የሚያርፈው ጎማ ላይ ነው። ከውጭ ሆነሽ ግፊው እንጂ እጅሽን አታስገቢ። እንዳልኩት ነው፣ በክሪክ በቆመ መኪና ሥር እጅም እግርም አይገባም።

ጎማው ከመሬት ከለቀቀ በኋላ ትንሽ ጨምረሽ አንሺ። የሚገባው ጎማ ንፋስ ስላለው ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል። ብሎኖቹን ስትመልሺ ሾጠጥ ያለው ጎናቸው ወደ ቸርኬው፣ ጎማው ወደተገጠመበት ብረት፣ ይዙር። በእጅሽ እስኪበቃቸው አጥብቂ፣ መኪናውን አውርጂ፣ ከዚያ በቁልፍ ጨርሺ። በተርታ አይጠበቅም። አንዱን ካጠበቅሽ ፊት ለፊቱ ወዳለው ተሻገሪ። አምስት ከሆኑ አንድ እየዘለልሽ፣ ኮከብ እንደሚሳል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄድሽ በኋላ ቁሚና ደግመሽ አጥብቂ። ይቺን የመጨረሻዋን ማንም አያደርጋትም። ጎማው ወልቆ መኪናውን ሲቀድመው ግን ሁሉም ይገረማል።

አዲስ መንጃ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ነገ ሜዳ ላይ እለማመዳለሁ።

ጋሽ ዳዶ፦ በጣም ጥሩ። የብሎን መፍቻ ቁልፉ መኪናው ውስጥ መኖሩንም ያኔ ታረጋግጫለሽ። አንዳንድ መኪና በየጎማው አንድ የሌባ መከላከያ ብሎን አለው፣ የራሱ ማስገቢያ ከሌለሽ አይፈታም። እሱንም ፈልጊ።

ጭንቀታሙ፦ ጋሽ ዳዶ፣ ስንት ንፋስ ልሙላ?

ጋሽ ዳዶ፦ የምን መኪና?

ጭንቀታሙ፦ የቤት መኪና ናት።

ጋሽ ዳዶ፦ የቤት መኪና ስንት ዓይነት አለ ወንድሜ! ከላይ ምን ብዬ ጻፍኩ? ለማንኛውም የሾፌሩን በር ክፈት። ምሰሶው ላይ ወይም የበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። አንዳንዱ መኪና ላይ የነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ነው። ለፊት ይሄን ያህል፣ ለኋላ ይሄን ያህል፣ ሰውና ዕቃ ሲሞላ ደግሞ ይሄን ያህል ይላል። መልሱ እሱ ነው። በአብዛኛው የቤት መኪና ላይ ከ2.0 እስከ 2.5 ባር መሀል ነው። ፒኤስአይ ወደሚባለው ሌላ የንፋስ መለኪያ ስትመልሰው 1 ባር 14.5 ነው።

ጭንቀታሙ፦ ጎማው ጎን ላይ ግን 51 ፒኤስአይ ይላል። እኔ እሱን ነው ስሞላ የኖርኩት።

ጋሽ ዳዶ፦ ነገ ጠዋት፣ ቀዝቃዛ ሳለ፣ አስተንፍሰው። ጎማው ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው። ያው ጎማ ቀላል መኪና ላይም ከባድ መኪና ላይም ይገጠማል፣ ጎማ ሠሪው የአንተን መኪና አያውቃትም። የሚያውቃት መኪናዋን የሠራት ነው፣ እሱም በሩ ላይ ጽፎልሃል። ከልኩ በላይ የተነፋ ጎማ በመሀሉ ብቻ ነው መሬት የሚይዘው። መሀሉ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬን ስትይዝ ይንሸራተታል፣ ጉድጓድ ሲመታውም በቀላሉ ይጎዳል።

የማታ ሾፌር፦ እኔ ደግሞ ረጅም መንገድ ሄጄ ስለካው ሁሌ ጨምሮ ነው የማገኘው። እንዳይፈነዳ ብዬ ቀነስ አደርገዋለሁ። ልክ ነኝ አይደል?

ጋሽ ዳዶ፦ አይደለህም። ይሄን ሰፋ አድርጌ ልመልስ፣ ከሁሉ በላይ ጎማ የሚገድለው ይሄ ነውና።

መኪናህን የተሸከመው ላስቲኩ አይደለም፣ ውስጡ የታሰረው ንፋስ ነው። ላስቲኩ ከረጢቱ ነው። ጎማ ሲሽከረከር መሬት የነካው ክፍል ይጨፈለቃል፣ ሲለቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ እያንዳንዱ የጎማው ክፍል በአንዲት ሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይታጠፋል። ንፋስ ሲያንስ ጎኑ አብዝቶ ይታጠፋል። አብዝቶ ሲታጠፍ ይግላል። ሙቀቱ ላስቲኩን ውስጡ ካለው ክርና ሽቦ ያላቅቀዋል። ጎማ በረጅም መንገድ ላይ ሲፈነዳ ብዙውን ጊዜ ንፋስ በዝቶበት ሳይሆን አንሶት ነው። ጭነትና ፍጥነት ሲጨመርበት አለቀለት።

ስትነዳ 4 ወይም 5 ፒኤስአይ መጨመሩ የታሰበበት ነገር ነው። በሩ ላይ ያለው ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው። አንተ በትኩሱ ወደዚያ ቁጥር ካወረድከው፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያን ያህል ጎድሎት ያድራል። ጠዋት ተነስተህ እንደዚያው ትነዳዋለህ። የበለጠ ይግላል፣ የበለጠ ይጨምራል፣ አንተም ደግመህ ትቀንሳለህ። ገባህ?

ቀዝቃዛ ማለት ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ፣ ወይም ከ2 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ የሄደ ነው። አንደኛው ጎን ፀሐይ ላይ ከዋለ ከጥላው ጎን ከፍ ብሎ ይነበባል፣ ለዚህም ነው ጠዋት የምላችሁ። የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ሲወርድ የጎማው ንፋስ 0.1 ባር ያህል ይወርዳል። ቅዝቃዜ ሲገባ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የጎማ ንፋስ መብራት ጠዋት በርቶ የሚጠብቃችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

የራሳችሁን መለኪያ ግዙ። የማደያው መለኪያ ስንቴ መሬት ላይ እንደተጣለ ማን ያውቃል? በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ ስኮርታውን ጨምሮ።

ኢንጂነሩ፦ ናይትሮጅን ቢሞሉ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይኖርም። ሲሞቅ አይጨምርም።

ረጅም መንገድ፦ ማነው አይጨምርም ያለህ? የሸጠልህ ሰውዬ?

ኢንጂነሩ፦ አውሮፕላንም የእሽቅድምድም መኪናም የሚጠቀሙት ናይትሮጅን ነው። ያለ ምክንያት ይመስልሃል?

ረጅም መንገድ፦ አንተ አውሮፕላን ነው የምትነዳው?

ቆቅ ሾፌር፦ ሃሃሃ! አነዳዱን ላየ ሰው ያስጠረጥራል።

ኢንጂነሩ፦ በሳይንስ የማያምን ሰው ጋር አልከራከርም።

ጋሽ ዳዶ፦ ተዉ እንግዲህ። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሁላችሁም ስትሞሉት ኖራችኋል። ንጹሑ ትንሽ ብልጫ አለው። በላስቲኩ ውስጥ ዝግ ብሎ ነው የሚያመልጠው፣ እርጥበትም የለውም። ሲሞቅ ግን እንደማንኛውም ጋዝ ይጨምራል። አውሮፕላን ላይ የሚሞላው ፍሬኑ እጅግ ስለሚግልና ኦክስጅን እሳት እንዳያግዝ ነው። በነፃ ካገኛችሁ ሙሉ። ከፍላችሁ ሞልታችሁ ካልለካችሁ ግን ከንቱ ነው።

ኢንጂነሩ፦ እርጥበቱ ግን ቸርኬውን...

ጋሽ ዳዶ፦ ኢንጂነር፣ በወር አንዴ ትለካለህ?

ኢንጂነሩ፦ መብራቱ ሲበራ እለካለሁ።

ጋሽ ዳዶ፦ በብዙ መኪና መብራቱ የሚበራው ከልኩ ሩብ ያህል ከጎደለ በኋላ ነው። ቀጣይ።

ነጯ መኪና፦ ምርጡ የጎማ ብራንድ የትኛው ነው?

ጋሽ ዳዶ፦ በልኩ የተነፋው።

ነጯ መኪና፦ የምሬን ነው ጋሼ።

ጋሽ ዳዶ፦ እኔም።

ሰላም ፈላጊ፦ ጋሼ፣ ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ ታወጣለች። ምን ይሆን?

ጋሽ ዳዶ፦ ከጎማው?

ሰላም ፈላጊ፦ አይ፣ ከጭስ ማውጫው።

ጋሽ ዳዶ፦ እንግዲያው እኔን አትጠይቀኝ።

እመቤት በመሪ፦ ጋሽ ዳዶ፣ መኪናዬን የሚጎትታት የፊት ጎማ ነው። ገንዘቤ የበቃው ለሁለት ጎማ ብቻ ነው። አዲሶቹን ፊት ላስገጥም ወይስ ኋላ?

ጋሽ ዳዶ፦ ኋላ።

ረጅም መንገድ፦ እንዴ ጋሼ! የሚጎትተው ፊት፣ የሚዞረው ፊት፣ አብዛኛውን ፍሬን የሚይዘው ፊት። አዲሱን ኋላ አስቀምጣ በመላጣው ትዙር?

ቆቅ ሾፌር፦ እኔም ሁሌ ፊት ነው የማስገጥመው። የፊቱ ቢፈነዳስ?

አዲስ መንጃ፦ አሁን ግራ ገባኝ።

ጋሽ ዳዶ፦ ግራ አይግባሽ። መላጣ ጎማ ፊትም ኋላም አይገጠም። የምናወራው ግማሽ ጥርስ ስለቀረው ጎማ ነው።

ዝናብ ጥሎ መንገዱ ላይ ውሃ ተኝቷል እንበል። ጥርሱ ያነሰ ጎማ ውሃውን ገፍቶ ማስወጣት ሲያቅተው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈው ፊት ከሆነ መሪው እጅህ ላይ ይቀላል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ነዳጅ ስትለቅ ቀስ በቀስ ይመለስልሃል። ኋላ ከሆነ ግን ጭራው ይዞራል። ያን መልሶ የሚያስተካክል ሾፌር ጥቂት ነው፣ «እኔ እችላለሁ» የሚለው ደግሞ ብዙ። ትልልቆቹ ጎማ ሠሪዎችም ኋላ ነው የሚሉት።

ረጅም መንገድ፦ በከባድ መኪና ግን እንደዚያ አይደለም። ይሄን ያህል ዘመን ነድቼ...

ጋሽ ዳዶ፦ ከባድ መኪና ሌላ ነው። የፊት ጎማው ሲፈነዳ ያን ሁሉ ጭነት ይዞ መሪ ነው የሚነጥቅህ። እዚያ ላይ ምርጡ ፊት ይሁን፣ አልጣላህም። እሷ የጠየቀችው ስለ ቤት መኪና ነው።

ቆቅ ሾፌር፦ ፊት ያለው አሮጌ ታዲያ ቶሎ አያልቅም?

ጋሽ ዳዶ፦ ያልቃል እንጂ። ለዚህ ነው በየ8 እና 10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ጎማ አዘዋውሩ የምለው። ብታዘዋውሩ አራቱም ተቀራርበው ያልቁ ነበር፣ ይሄ ክርክርም አይመጣም ነበር። ጎኑ ላይ የአዙሪት ቀስት ያለበት ጎማ ግን በዚያው ወገን ፊትና ኋላ ብቻ ነው የሚለዋወጠው። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚጎተት መኪና ያላችሁ ደግሞ ሁለት ብቻ ከመቀየራችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡ። የጎማዎቹ ልዩነት ሲበዛ ጫናው ዲፈረንሻሉ ላይ፣ ጉልበቱን ለጎማዎቹ በሚያከፋፍለው ላይ፣ ነው የሚያርፈው። እመቤት፣ አንቺ ኋላ አስገጥሚ።

እመቤት በመሪ፦ እሺ ጋሼ፣ ኋላ።

ረጅም መንገድ፦ እኔ አላመንኩም።

ጋሽ ዳዶ፦ አንተን አላሳምንም። ቀጣይ።

አንባቢው፦ የእኔ ጎማ ላይ «205/55 አር 16 91 ቪ» ይላል። ትርጉሙ ምንድን ነው?

ጋሽ ዳዶ፦ ቁጥሩን ይዞ የመጣ ሰው በመጨረሻ አገኘሁ! 205 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 55 የጎኑ ቁመት ነው፣ ከስፋቱ 55 በመቶ ማለት። አር ራዲያል ነው፣ የውስጡ ክር አዘረጋግ ዓይነት። 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። 91 የጭነት ቁጥር ነው፣ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል። ቪ በሰዓት እስከ 240 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው። ሂድበት ማለት አይደለም። ጎማ ስትቀይር የጭነት ቁጥሩ መኪናህ ከሚፈልገው እንዳያንስ።

ሌላም ቁጥር ፈልግ። ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በአንደኛው ጎን ካጣኸው በሌላኛው ጎን ነው ያለው።

አንባቢው፦ አየሁት። አራቱ 2020 ናቸው። ስኮርታው ግን 0811 ይላል። መሬት ነክቶ አያውቅም፣ ጥርሱ ገና አዲስ ነው።

ጋሽ ዳዶ፦ ጥርሱን አትይ። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። ጎኑን በጣትህ ጎበጥ አድርገውና ብርሃን ላይ እየው፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታገኛለህ። ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ጎማ በየዓመቱ ይታያል፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ደግሞ ምንም ቢያምር ይወርዳል። ያገለገለ ጎማ የምትገዙም መጀመሪያ ይሄን ቁጥር አንብቡ፣ ከዚያ ውስጡን ገልብጣችሁ እዩ።

ሰላም ፈላጊ፦ ጋሼ፣ የጎማዬ ጎን ላይ እንቁላል የሚያህል ዕብጠት ወጥቷል። ንፋሱ ግን አልጎደለም።

ጋሽ ዳዶ፦ አሁን የጎማ ጥያቄ ጠየቅክ። ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል። ጉድጓድ ወይም ጠርዝ መትተሃል። አይጠገንም። ዛሬውኑ ስኮርታ ግጠም።

ሰላም ፈላጊ፦ እስከ ወር መጨረሻ ቀስ ብዬ ብነዳበትስ?

ጋሽ ዳዶ፦ ዛሬ ብያለሁ።

ነጯ መኪና፦ ሚስማር ገብቶበታል፣ ግን አልተነፈሰም። ልንቀለው?

ጋሽ ዳዶ፦ እንዳትነቅለው! ቀዳዳውን የደፈነልህ እሱ ነው። ንፋሱን እየለካህ በዝግታ ጎሚስታ ጋ ውሰደው።

እዚያ ስትደርስ ደግሞ ጎማው ከቸርኬው ይውረድልህ። ከውጭ በገመድ የሚደፈነው ቤት ያደርስሃል፣ ከዚያ በላይ አትመነው። ደህና ጥገና ቀዳዳውን ሞልቶ ከውስጥ የሚለጠፍ ነው። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ ወይም ትከሻው (ጥርሱና ጎኑ የሚገናኙበት) ወይም ጎኑ ላይ ከሆነ «እንለጥፍልህ» ቢሉህም እምቢ በል። ተነፍሶ ጥቂት መንገድ የተነዳ ከሆነ ደግሞ መዳፍህን ወደ ውስጥ አስገብተህ ጎኑን ዳብስ። ጥቁር የላስቲክ ብናኝ እጅህ ላይ ከቀረ ጎኑ ተፈጭቷል። ከውጭ ምንም አይመስልም። ጣለው።

ቆቅ ሾፌር፦ የሚነፋው ፈሳሽ መድፈኛስ? ጣሳው ውስጥ ያለው?

ጋሽ ዳዶ፦ ለትንሽ ቀዳዳ ይሠራል። ጊዜው ያልፍበታል፣ ቀኑን እይ። ለጎሚስታውም ንገረው፣ ጎማውን ሲፈታ ፊቱ ላይ እንዳይረጭበት።

የማታ ሾፌር፦ ጋሼ ፈጥነው ይመልሱልኝ! መኪናውን አንስቼ ብሎኖቹን ሁሉ ፈታሁ፣ ጎማው ግን አልወጣም። በመዶሻ ልምታው?

ጋሽ ዳዶ፦ ቁም! መዶሻውን አስቀምጥ። ክሪክ ላይ ያለ መኪና አይመታም፣ አይገፋም፣ አይወዘወዝም። ስንቴ ልናገር!

ቸርኬው መሀሉ ላይ ዝጎ ተጣብቆ ነው። ብሎኖቹን ሁሉ መልስ፣ ካጠበቅካቸው በኋላ አንድ ዙር ያህል አላላቸው። መኪናውን ቀስ ብለህ አውርድ። ብዙ ጊዜ የራሱ ክብደት ያላቅቀዋል። ካልሆነ ክሪኩን አውጣና በዝግታ አንድ ሁለት ክንድ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሰው።

የማታ ሾፌር፦ ሲያርፍ ቋ ብሎ ለቀቀ!

ጋሽ ዳዶ፦ አሁን እንደገና ብሎኖቹን ግማሽ ዙር ላይ አድርግ፣ አንሳ፣ ፍታ። ሲወርድ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጥረገው፣ አለዚያ ስኮርታው ተስተካክሎ አይቀመጥም፣ ኋላም ብሎኑ ይላላል።

ቆቅ ሾፌር፦ ብሎኖቹን ግሪስ ብንቀባቸው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ረጅም መንገድ፦ እኔ ሁሌ እቀባለሁ። አንድም ቀን ምንም አልሆነ።

ጋሽ ዳዶ፦ አትቀቡ። የተጣበቀው ቸርኬው ነው፣ ብሎኑ ምን አደረገ? ፋብሪካው የሚሰጠው የማጥበቂያ ልክ፣ ለብዙ የቤት መኪና ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር፣ ለደረቅ ብሎን ነው። ቅባት ሲኖረው በዚያው ጉልበት ብሎኑ ከልኩ በላይ ይለጠጣል። ቧንቧ አስረዝሞ ማጥበቅም፣ በአየር ሽጉጥ እስኪጮህ መንዳትም ያው ነው። ብሎኑ ያኔ አይበጠስም። የሚበጠሰው ሌላ ቀን፣ መንገድ ላይ ነው።

ረጅም መንገድ፦ ለሁሉም መልስ አላቸው።

ጋሽ ዳዶ፦ አለኝ።

አዲስ መንጃ፦ ጋሼ፣ ጎማዬ ማለቁን በምን አውቃለሁ?

ጋሽ ዳዶ፦ በጥርሶቹ መሀል ቦዩ ውስጥ ከፍ ከፍ ያሉ ትንንሽ ድልድዮች አሉ። ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው የቀረው፣ በብዙ አገር ሕጉ የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው። እኔ ግን 3 ሚሊ ላይ ቀይሪ እላለሁ። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ግድም ነው፣ ዝናብ ላይ ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

አበላሉንም እዪ። መሀሉ ካለቀ ንፋስ በዝቶበታል። ሁለቱ ዳር ካለቀ አንሶታል። አንደኛው ዳር ብቻ ከሆነ አላይመንት፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ አሠሪ። መጀመሪያ ሽቦ አለመውጣቱን በዓይንሽ አረጋግጪ፣ ከዚያ መዳፍሽን በጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ አሂጂው፣ መልሺውም። ስትሄጂ ለስልሶ ስትመለሺ የሚቧጥጥሽ ከሆነ ጎማዎቹ ትይዩ አይሄዱም፣ በሰያፍ እየተጎተቱ ነው። ዙሪያውን እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል ወይም ባላንስ የለውም፣ የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል አልተመጣጠነም። ብዙ ሰው አላይመንት ሳያሠራ አዲስ ጎማ ይገጥምና «ጎማው ጥራት የለውም» ብሎ ይመጣል።

ኢንጂነሩ፦ መሪዬ በ90 እና በ100 ኪሎ ሜትር መሀል ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በላይ ይተወዋል።

ጋሽ ዳዶ፦ ባላንስ። ፍሬን ስትይዝ ብቻ ከሆነ ዲስኩ ነው፣ ያ የእኔ ሥራ አይደለም።

ነጯ መኪና፦ ጎማ በናፍጣ ሲታጠብ ያብለጨልጫል። ጉዳት አለው?

ጋሽ ዳዶ፦ አለው። ናፍጣ ላስቲክ ይበላል። ውሃና ሳሙና ይበቃል።

እመቤት በመሪ፦ የእኔ ስኮርታ ቀጭን ናት። ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?

ጋሽ ዳዶ፦ ጎኗ ላይ ተጽፏል፣ በሰዓት ከ80 እንዳታልፊ ይላል። ንፋሷ ከሌሎቹ ይበልጣል፣ ብዙውን ጊዜ 60 ፒኤስአይ፣ 4.2 ባር ነው። ጎሚስታ ጋ ድረሺባት፣ ሳምንት ሙሉ እንዳትኖሪባት። ፍሬኗም መታጠፊያዋም የሙሉ ጎማ አይደለም።

ገና የገባሁ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጋሼ፣ ስንት ንፋስ ልሙላ?

ጋሽ ዳዶ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ጭንቀታሙ፦ ጋሼ፣ ጠዋት በልኩ አድርጌው ነበር። ከሳምንት በኋላ የኋላ ግራው ብቻ 6 ፒኤስአይ ጎደለ። ሚስማር የለበትም።

ጋሽ ዳዶ፦ ጎበዝ፣ መለካት ጀመርክ። ጤነኛ ጎማ በወር 1 ወይም 2 ቢያጣ ነው። የሳሙና ውሃ ቫልቩ አፍ ላይ ጠብ አድርግ። ከዚያ ሥሩ ላይ፣ ከዚያ ጎማውና ቸርኬው የሚገናኙበት ዙሪያ። የት አረፋ ይሠራል?

ጭንቀታሙ፦ ቫልቩ አፍ ላይ። ቀስ እያለች ትነፋለች።

ጋሽ ዳዶ፦ ውስጧ ያለችው ትንሿ መርፌ ላልታለች ወይም አርጅታለች። በመፍቻዋ ጠበቅ አድርጋት፣ ካላቆመች አስቀይራት፣ ርካሽ ናት። ክዳንም አድርግበት፣ አቧራ የሚገባው በዚያ ነው። ሥሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ጎማው ይወርድ ነበር።

ጭንቀታሙ፦ የሌሎቹም ክዳን የለም።

ጋሽ ዳዶ፦ አምስት ግዛ።

ጭንቀታሙ፦ አምስት?

ጋሽ ዳዶ፦ ስኮርታስ?